ካልሲ ያጠለቀው ካሜራ

እናቴ ኩዌትን በእግሯ ረግጣ አታውቅም። ኩዌት ውስጥ ግን በሰባት ዓመት አራት ጊዜ ታማለች። ያሳመምኳት እኔ ነኝ።

አትፍረዱብኝ። እዚህ አገር በሰው ቤት የምንሠራ ሐበሾች፣ እስቲ የማናችን እናት ጤነኛ ናት? ፈቃድ ስንፈልግ እናት ያማታል። ቤት መቀየር ስንፈልግ ይብስባታል። አንዲት የማውቃት ልጅማ አንዲቱን አያቷን ሁለቴ ቀብራ፣ በሦስተኛው ማዳሟ «እኚህ ሴትዮ ስንቴ ነው የሚሞቱት?» ብላ ጠይቃታለች። «ደክሞኛል፣ መሄድ እፈልጋለሁ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ይከብደናል። ይሉኝታ ነው መቼስ። እናትን አልጋ ላይ ማስተኛት ግን ምንም አይከብደንም።

እኔን ከዚህ አመል ያላቀቀኝ ምክር አይደለም፤ የመኪና ካሜራ ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ሰዓዳ እባላለሁ፤ ወሎ፣ የኩታበር ልጅ ነኝ። ያኔ ቁርጡባ በሚባል ሰፈር ባለሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ እሠራ ነበር። ማዳም ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ፈሃድ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ላይኛው ፎቅ ይኖራል። ማዳም በሥራ ዘመኗ ስንት መቶ ልጅ ቀጥ አድርጋ ይዛለች ይባላል። መኪናዋን ቀጥ አድርጋ መያዝ ግን አልሆነላትም። የግቢውን በር ሁለቴ፣ የሰፈሩን ገበያ ምሰሶ አንዴ፣ የጎረቤቱን የቆሻሻ በርሜል ስንቴ እንደሆነ እንጃ፣ ገጭታለች። ሁልጊዜ የምትለው ግን አንድ ነው፦ «መጥቶ ገጨኝ!» በርሜሉንም ቢሆን።

ልጇ ሾፌር ቀጥሮላት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩን ከመሪው አስነስታ፣ ከኋላ አስቀምጣ፣ ራሷ ነድታ ቤቱ አደረሰችው።

ስለዚህ ረዳቷ እኔ ሆንኩ። ወደኋላ ልትወጣ ስትል እወርድና ከኋላ ቆሜ እንደ ታክሲ ረዳት «ነይ ነይ ነይ... በቃ!» እላታለሁ። በአረብኛ ልበል ካልኩ ስደነግጥ ቃሉ ይጠፋኛል፤ ስለዚህ እሷ አማርኛውን ተማረች። ከአማርኛ የምታውቀው እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። በሰባት ዓመት ሌላ አልጨመረችም። እኔም በዚህ ተማምኜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የፈለግሁትን በስልክ አወራ ነበር፤ እሷንም ጭምር።

የገበያው ምሰሶ ከተገጨ በኋላ ፈሃድ ትዕግሥቱ አለቀ። «እናቴ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ያንቺ ጥፋት ከሆነ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ» አላት።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን ይፈርዳል?»

«ካሜራ እንገጥማለን። እሱ ይፈርዳል።»

ማዳም ከእሱ ይበልጥ ደስ አላት። እሱ የእናቱን ጥፋት፣ እሷ ደግሞ የበርሜሉን ጥፋት ልታሳይ ነዋ! ለማዳም ያቺ ቁልፍ ማለት ምን እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታደርገው ነገር መንዳት ብቻ ነበር።

ካሜራውን ልንገዛ ሹዌክ ሄድን፤ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር ነው። ሻጩ ወሬ የሚወድ ግብፃዊ ነበር። ማዳም ዓይኗ ያረፈው ወርቃማ ጠርዝ ባለው፣ ሰፊ መስታወት በሚያህል አንድ ትልቅ ካሜራ ላይ ነው።

«ሐጃ፣ ይሄ ባትሪ አለው። በእኛ በጋ መስታወት ላይ ሲውል ያብጣል» አላትና አንዲት ጥቁር፣ እንቁላል የማታህል ነገር አወጣ። «ይቺ ባትሪ የላትም፤ ፀሐዩን ትችላለች።»

«አስቀያሚ ናት» አለች ማዳም።

«ማዳም፣ ለሰርግ አይደለም እኮ» አልኳት።

ጥቁሯ ግን ሁለት ዓይን ነበራት፤ አንዱ መንገዱን፣ አንዱ የመኪናውን ውስጥ ያያል። ማዳም ይህን ስትሰማ ሻርፗን ሳብ አደረገች። «እኔን እንዲያይ ማን ፈቀደለት? እኔ መኪናዬ ውስጥ ሱፍ እየበላሁ ነው የምነዳው!» ሻጩ ውስጠኛውን ዓይን በስልክ መዝጋት እንደሚቻል ነገራት። «ሰው የዘጋውን ሰው ይከፍተዋል» አለች። ባትሪ የሌለው ደግሞ ሌላ አልነበረም፤ ገዛናት።

ሠራተኛው ካሜራዋን ከመሃል መስታወቱ ጀርባ ለጠፋት። ሽቦውን በጣሪያው ጨርቅ ሥር ሥር አስገብቶ፣ በበሩ ጎን አውርዶ፣ ፊውዙ ሳጥን ውስጥ አገናኘው። ሽቦ መኖሩም አይታወቅም። ማዳም ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ወደ እኔ ዞሮ «ድምፅም ይቅዳ?» አለኝ።

«ዋጋው ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያማ ይቅዳ» አልኩት። ሐበሻ በነፃ የመጣ ነገር መቼ ትቶ ያውቃል! ለማዳም ሳልነግራት ረሳሁት። ራሴም ረሳሁት።

ለውስጠኛው ዓይን መፍትሔውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የፈሃድን ሕፃን ካልሲ አመጣሁና በዚያች ዓይን በኩል አጠለቅሁላት። ልክክ አለች። ማዳም በጣም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስንገባ ካልሲ ማጥለቅ፣ ስንወርድ ማውለቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። በዚያው ሰሞን ማንጋፍ በሚባል ሰፈር ሌላ ሥራ አገኘሁ። ትንሽ አፓርታማ፣ ደረጃ የሌለው፣ አርብ ሙሉ ቀን እረፍት። የማዳም ቤት ደረጃ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር፤ እረፍቴም አርብ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እሷንም ማዳም ሳልሚያ የሚባለው ሰፈር ስትወስደኝ፣ ጓደኛዬ ሰናይት ከምትሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀምጬ አሳልፋታለሁ። ግን ያለ ማዳም ፈቃድ ቤት መቀየር አይቻልም፤ መልቀቂያውን የምትፈርመው እሷ ናት። እና እንዴት ልበላት? ክፉ ብትሆን ቀላል ነበር። ክፉ አይደለችም።

እናም እንደ ለመድነው እናቴን አስተኛኋት። እቅዱ ሲያምር! ዛሬ አሳምማታለሁ፤ በሳምንቱ አብስባታለሁ፤ በወሩ «ቶሎ ቶሎ አገር የሚልክ ቤት ማንጋፍ አግኝቻለሁ፣ ልቀቂኝ» እላለሁ። አርብ ጠዋት ፊቴን አጨፍግጌ «ማዳም፣ እናቴ ታማለች። ደም ግፊት ነው» አልኳት።

ማዳም ወዲያው ተነሳች። አባያዋን ለበሰችና ቁልፏን አነሳች። «ያላ፣ ሳልሚያ እንሂድ።»

የዚያን ቀን የሕፃኑ ካልሲ እጥበት ላይ ነበር። ቸኩዬ ከታጠበው ልብስ መሃል የፈሃድን ጥቁር ካልሲ አነሳሁና አጠለቅሁት። የትልቅ ሰው ካልሲ ነው፤ ካሜራዋን ከነሁለት ዓይኗ ዋጣት። እኔ ደግሞ ቀና ብዬም አላየሁም።

ሳልሚያ ስንደርስ ማዳም ሰናይት ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ፊት ለፊት አቆመች፤ ጎኑ ፋርማሲ ነው። «መጣሁ» ብላኝ ገባች። ሞተሩ እየሠራ፣ ቅዝቃዜው እየነፈሰ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ሰናይት የሰው ፀጉር ይዛ መውጣት ስላልቻለች ደወልኩላት።

«አሳመምኳት!» አልኳት።

«ምን ያዛት?» አለች ሰናይት በጆሮ ማዳመጫዋ።

«ደም ግፊት። ወላሂ አመነችኝ እኮ! እናቴ ይሄን ጊዜ ሐይቅ ሰርግ ላይ ናት፤ ትላንት ማታ ስደውልላት በጭፈራው አልሰማችኝም። ከእኔ ትሻላለች! ማዳም ደግሞ ፋርማሲ ገብታለች፣ ለራሷ መሰለኝ። እቺ ሴትዮ መንዳቷን ብትተው እኮ አገሩ ሁሉ ጤና ይሆን ነበር።» እየተንከተከትኩ ነው የማወራው። ሰናይትም እየሳቀች ዘጋችው፤ ደንበኛዋ ተቆጥታ።

ማዳም ትልቅ ፌስታል ይዛ ወጣች። እኔ ወርጄ ከኋላ ቆምኩ። እሷ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ ወደኋላ ጀመረች። «ነይ ነይ ነይ...» ከቀኝ አንድ ነጭ መኪና ሲመጣ አየሁ። «በቃ!»

ቀጥ አለች። ማርሹን ፓርክ ላይ አደረገች። መኪናው እስኪያልፍ ስንጠብቅ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ሰዓዳ! የእናትሽ ክንድ ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ምን?»

«ክንዷ! የግፊት መለኪያ ነው የገዛሁላት። ማሰሪያው ትልቅና ትንሽ አለው፤ ትልቁን ሰጥተውኛል።»

«ቀ... ቀጭን ናት፣ ማዳም።»

«እንግዲያ ልቀይረው። አንቺ ሁልጊዜ ዝም ነው የምትዪው፤ ቀድሞ ብትነግሪኝ—»

ጓ! ነጩ መኪና የመኪናችንን የኋላ ጥግ ገጨው። የሚነዳው ልጅ ስልኩን እያየ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ወረደና ግን የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ወደኋላ መጥታ ገጨችኝ!»

የማዳምን አባባል ከአፏ ነጠቃት እኮ።

ፖሊስ መጣ። ፈሃድም ከቁርጡባ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። መኪናችን ግማሽ ጎኑ ወጥቶ ቆሟል፤ ወደኋላ የሚወጣ ደግሞ ጥፋተኛ መሆኑን ማንም ያውቃል። «ቆማ ነበር፣ አይቻለሁ» ብዬ ተናገርኩ። ልጁ ሳቀ። «ሠራተኛዋ ናት፤ ሌላ ምን ልትል ነው?»

ማዳም ግን አልደነገጠችም። ዳይሬክተርነቷ ተነሳባትና ጣቷን ወደ መስታወቱ ቀሰረች። «ካሜራ አለኝ። ይፍረድ።»

ፈሃድ ካሜራዋ የተገናኘችበትን ስልኩን አውጥቶ ቅጂውን ከፈተው። ጨለማ። አሳለፈው፤ ጨለማ። መኪናው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ቀና ሲል ዓይኑ ካልሲው ላይ ተተከለ። በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣው።

«ይሄ የእኔ ካልሲ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፖሊሱ እንኳን ሳቁን ሊይዝ ፂሙን ዳሰሰ። ፈሃድ ግን አልሳቀም። እጁን ለእናቱ ዘረጋ። «እናቴ፣ ቃል ቃል ነው። ቁልፉን።»

ማዳም ቦርሳዋን ከፈተች። ያንን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ አንገቷን ደፍታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ጊዜ ነው ካሜራዋን የለጠፈው ሠራተኛ ትዝ ያለኝ። ድምፅም ይቅዳ? እንግዲያማ ይቅዳ። የፈሃድ ስልክ ሁልጊዜ ድምፁ ዝግ ነው፤ ለዚህ ነው ማንም ያልሰማው።

ደስ ሊለኝ ሲል ግን ሌላው ታወሰኝ። ድምፅ ካለ፣ ሁሉም ድምፅ አለ። «አሳመምኳት»ም አለ። ሳቄም አለ። ሐይቅ ያለው ሰርግም አለ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። መለኪያውን ተቀብዬ፣ አልቅሼ አመስግኜ፣ በወሩ ማንጋፍ እገባለሁ። ማዳም ደግሞ ቤቷ ትቀመጣለች። ቁልፉ ከቦርሳዋ ወጥቶ እጇ ላይ ነበር።

«ድምፅ አለው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ፈሃድ ድምፁን ከፈተው። ካሜራዋ በየአምስት ደቂቃው እየቆረጠች ነው የምታስቀምጠው፤ ፈሃድም የመጨረሻውን ቁራጭ አሰማ፤ መጀመሪያው የእኔ አማርኛና ሳቅ ነው። «በቃ!» የማርሹ ቀጭ ማለት። የማዳም ድምፅ፣ ክንድ ቀጭን ወፍራም፣ የእኔ መንተባተብ፣ ከዚያ ጓ! ወደኋላ የሚሄድ ሰው ስለ ክንድ ውፍረት አያወራም። ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ ስል ልጁ ጮኸ።

«ከፊቱስ በቋንቋዋ የምታወራው ምንድን ነው? የምትስቀው ምን አግኝታ ነው? ይተርጎም!»

ፖሊሱ ፀጉር ቤቱ በር ላይ አንገቷን አስግጋ የምታይ ሐበሻ አየና ጠራት። ማንን? ሰናይትን! እጇ ላይ የቀለም ጓንቷን እንዳደረገች፣ ማተቧን ጨብጣ መጣች። የራሷን የስልክ ወሬ ልትተረጉም!

ፈሃድ ቅጂውን ከመጀመሪያው አሰማ። ሰናይት ወደ እኔ በጎን አየችና በሚያሳዝን ድምፅ ጀመረች። «እናቷ በጣም ታማለች ነው የምትለው። ልትሞት ነው። እያለቀሰች ነው።»

ስልኩ ላይ የእኔ ሳቅ ኪኪኪ ይላል።

«ታዲያ ለምን ትስቃለች?» አለ ፖሊሱ።

ሰናይት ጓንቷን ጎተት አደረገች። «እኛ አገር... ሰው በጣም ሲያዝን ይስቃል።»

የፖሊሱ ፊት ተለወጠ። «ይቺ ትዋሻለች። ምናልባት የቀረውም አንድ ላይ የተዘጋጀ ነው» ብሎ ደብተሩን ከፈተ። ጓደኛዬ እኔን አድናለሁ ብላ ማዳምን ልታስበላት!

«ሰናይት፣ ተዪው» አልኳት። በዚያ በኩሽና አረብኛዬ ራሴ ተረጎምኩት። እናቴ ጤነኛ መሆኗን። ሰርግ ላይ መጨፈሯን። ማዳም ስላመነችኝ መሳቄን። መንዳቷን ብትተው አገሩ ጤና ይሆናል ማለቴን ሳይቀር። ዓይኔን ግን ከማዳም ጫማ ላይ አላነሳሁም። 

ፖሊሱ ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። «ራሷ ላይ እንዲህ የምትመሰክር ሴት ለማንም አትዋሽም። ስልክህን አምጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ስትመለከት እንደነበር እንይ።» ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጥፋቱን አመነ።

ፈሃድ በእኔ ላይ እሳት ጎረሰ። «ይቺ ነገ ከቤቴ ትወጣለች!» ማዳም ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። «ቤቱ የእኔ ነው። አንተ ካልሲህን ይዘህ ሂድ» አለችው።

ከሳልሚያ ቁርጡባ ድረስ ማዳም ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ሱፍም አልበላችም። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ቤት ስንገባ ፌስታሉን ይዛ ሳሎን ተቀመጠች፣ መለኪያውን አወጣች፣ ትልቁን ማሰሪያ በራሷ ክንድ ላይ ጠመጠመች።

«ነይ፣ ለኪኝ» አለች። «ዛሬ ያሳመምሽው እኔን ነው።»

የመለኪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥሩ መጣ፦ 178 በ104። ተሳስቷል ብለን ደገምነው። ያው ነው። ይሄ የጤነኛ ሰው ግፊት አይደለም፤ ያን ጊዜ ነው መድከሜንና የማንጋፉን ሥራ የነገርኳት።

«ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም? መሄድ እፈልጋለሁ ማለት ያስቸግራል?» አለችኝ።

ለይሉኝታ አረብኛ ፈለግሁለት፤ አላገኘሁም። «ማዳም፣ አንቺን ላለማስቀየም ብዬ ነው» አልኳትና እንባዬ መጣ።

«እና አሁን አልተቀየምኩም?»

በነጋታው ሐኪም ቤት የሄድነው እሷው እየነዳች ነው። ሐኪሙ ግፊቱ ብዙ ጊዜ እንደቆየባትና ሳታውቀው ትልቅ ጉዳት ያደርስባት እንደነበር ነገራት። መድኃኒት ጀመረች። ከአራት ወር በኋላ፣ በእኔ ቦታ ለመጣችው ልጅ «ነይ ነይ በቃ»ን አስተምሬ ስጨርስ፣ መልቀቂያዬን በእጇ ፈረመችልኝ። ማንጋፍ ድረስም ራሷ ወሰደችኝ። ሻንጣዬንና የታመመ ጉልበቴን አውርጄ ከኋላ ቆሜ ለመጨረሻ ጊዜ አስወጣኋት። የማንጋፍ በርሜሎች በሙሉ ተረፉ።

ለእናቴም ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል «ደም ግፊት? እሰይ፣ የሀብታም በሽታ ነው የሰጠሽኝ!» ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን «ልጄ፣ የአፍ ነገር ይደርሳል፤ ሁለተኛ እንዳታሳምሚኝ» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ምከሪን ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «ደክሞኛል» ለማለት የፈራኋት ሴት፣ ስነግራት ሰማችኝ። ሁሉም ማዳም እንዲህ ናት አልልም፤ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ትቻለሁ። እኔ ግን ሳልሞክራት ነው አትሰማም ብዬ የፈረድኩባት። ስሙኝ ለማለትስ፣ ካልሲ የዋጠው ካሜራ እንኳን ከእኔ ይሻል ነበር።

መለኪያው ኩታበር አልሄደም፤ ማዳም ጋ ቀረ። አርብ አርብ፣ ሙሉ ቀን በማርፍበት ቀን፣ ጠዋት ስልኬ ጢን ይላል። የቁጥሩን ፎቶ ነው የምትልክልኝ። ካየሁት በኋላ ትደውልልኛለች።

«እናትሽስ?» ትለኛለች።

«ደህና ናት፣ ማዳም» እላታለሁ። እውነቴን ነው።